የቀማሹ ፊት

ሐኪሟ ቡና አልከለከለችውም። ይኼን አደራ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ቡና ተከልክሎ ነው እንዲህ የሆነው» እያለ ሲያወራ ከርሟል። የከለከለችው ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ብስኩትና ስኳር ነው። የደም ምርመራውን ወረቀት አየት አደረገችና፣ «ስኳርዎ ጣራ ነክቷል። አባትዎ በዚሁ በሽታ እግራቸው እንደተቆረጠ ራስዎ ነግረውኛል። እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው» አለችው።

«ቡናስ?» አለ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ።

«ቡና እንደ ልብዎ። ግን ያለ ስኳር።»

ያለ ስኳር! ለሌላ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። ይኼ ሰውዬ ግን መተዳደሪያው ቡና መቅመስ ነው። ቡና እየቆላ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ሰዉም ስሙን ትቶ «ቀማሹ» ነው የሚለው። በቀን ስድሳ ስኒ ጥቁር ቡና በማንኪያ ፉት ይላል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ይተፋዋል። አንድ ጠብታ አይውጥም። ስኳር የሌለው ቡና ለእሱ ሥራ እንጂ ቡና አልነበረም። ቡና የሚባለውማ ቤቱ ሲገባ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከነቁልሉ ጨምሮ፣ ዳቦ እያጠቀሰ የሚጠጣው ነው። ሚስቱ «ባለሙያ ነኝ ትላለህ፤ የምትጠጣው ግን የሳል ሽሮፕ ነው» እያለች ስትስቅበት ኖራለች።

አሁን ሳቋን ትታ ሥራ ጀመረች። የሐኪሟን ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈች፤ ዳቦውን ለጎረቤት ሰጠች፤ የስኳሩን ጣሳ የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አላት።

«ወረቀቱ ይኸው ተለጥፏል፤ ሞኙን እንግዲህ አንተ ፈልግ» አለችው።

ጠዋት ሁለት እንቁላል ከጎመን ጋር፣ ማታ ሥጋ ከሰላጣ ጋር፣ በመካከል ረሃብ። በሦስተኛው ቀን ራሱን ይወጋው ጀመር። አፉ አሮጌ ሳንቲም የጠባ ይመስል ብረት ብረት አለው። የጠዋቱ ቡናማ እንደ ሬት መረረው፤ ሁለት ጊዜ ፉት ብሎ ስኒውን ገፋው። ሰው ቡና ጠልቶ ምን ሊወድ ነው? ከልቡ አዘነ። ግን አላቋረጠም። አባቱን በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ያስገባበት ቀን ከዓይኑ ጠፍቶ አያውቅም።

የቅምሻ ክፍሉ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስኒዎች በረድፍ ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱ ስኒ ፊት ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ወረቀት አለች፤ ቡናው የማን እንደሆነ ቀማሽ አያውቅም። በአንዱ ወገን እሱ፣ በሌላው ወገን ፊት ለፊቱ እትዬ ይቆማሉ። እትዬ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው። የማንኪያ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ራሱ ተመልጦ እንኳ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት። ሌላ ሰው እንደዚያ ቢለው ይቆጣል። እሳቸው ሲሉት ግን ደስ ይለዋል፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ ልጅ የሚለው ሌላ ሰው የለማ።

ረድፉ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም። «ቃል ቀድሞ ምላስህ ላይ ከተቀመጠ፣ የምትቀምሰው ቃሉን ነው» ይላሉ እትዬ። ሁለቱም ፉት ይላሉ፣ ይተፋሉ፣ ከመቶ ነጥብ በየወረቀታቸው ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ ለሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። ከሰማንያ በላይ ያገኘ ቡና በጥሩ ዋጋ ይገዛል፤ ከዚያ በታች የሆነው ከተራው ጋር ይደባለቃል። ከቁጥሩ ጀርባ ዓመት ሙሉ የለፋ ገበሬ ስላለ ነው ሁለት ሰው የሚቀምሰው። የሁለቱ ቁጥር ደግሞ ከአንድ ነጥብ በላይ ተለያይቶ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለሁለት ሰው አንድ ምላስ ነው የተሰጣቸው» እያለ ይኩራራባቸው ነበር።

ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቀማሹ አንዱን ናሙና ሰማንያ ስድስት ሰጠው፤ እትዬ ሰባ ስምንት። ሥራ አስኪያጁ የጽሕፈት ስህተት መስሎት አለፈው። በሳምንቱ ሻጋታ የነካው ቡና መጣ፤ ሕፃን እንኳ የሚተፋው። ቀማሹ ስድሳ አምስት ጻፈ። እትዬ ሰማንያ አምስት! ወር ሳይሞላ እንዲህ የተለያዩባቸው ናሙናዎች ስድስት ደረሱ።

እና ማን ይጠርጠር? ምግቡን የቀየረው ነዋ! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የመጋዘኑ ሰዎች «ጎመን የለመደ ምላስ ስለ ቡና ምን ያውቃል» ተባባሉ። ማክሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው።

«ሰኞ ከውጭ ሌላ ቀማሽ ትመጣለች። አሥር ስኒ፣ ሦስታችሁም አብራችሁ ትቀምሳላችሁ። ምላሱ የተበላሸው ከጠረጴዛው ይነሣና መጋዘን ይወርዳል። በሰው ልፋት ቀልድ የለም» አለ። ከዚያ ወደ ቀማሹ ዞረና፣ «ምግብ ቀይረሃል አሉ። ምክሬን ከሰማህ እስከ ሰኞ እንደ ሰው ብላ» አለው።

እትዬ መሬት መሬት እያዩ ወጡ። ቀማሹ «ለእኔ አዝነው ነው» አለ በሆዱ።

ያን ዕለት ቤቱ የገባው ዳቦ ይዞ ነው። ትኩስ ነበር፤ ኮቱ ውስጥ ቢሸሽገውም ሽታው ከደረጃው ጀምሮ ቀድሞት ገባ።

«ብብትህ ሥር ያለው ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ።

«ሥራዬ ነው» አላትና ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት።

ዳቦውን ከእጁ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አትብላ አልልህም። ግን እግርህን ሰጥተህ ወንበርህን ልታስቀር ከሆነ፣ መጀመሪያ ምላስህ መበላሸቱን እንወቅ» አለች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም አዘዘችውና ሦስት ብርጭቆ ውኃ አምጥታ አንዱ ውስጥ ቁንጥር ስኳር ጨመረች። አንዴ ቀምሶ ለየው። ቀነሰች፤ ለየው። በጣት የምትቆጠር ቅንጣት ብቻ ጣል አድርጋ አማሰለች፤ እሱንም ለየው።

«በል፣ ምላስህ ደህና ነው። የቀረውን ጭንቅላትህን አስመርምር» ብላ ዳቦውን ይዛ ወጣች፤ ጎረቤት ያን ወር በዳቦ ወፍሯል።

በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። እንቁላሉን በልቶ ቡናውን ፉት እንዳለ ስኒውን ቋ አድርጎ አስቀመጠ።

«ስኳር ጨምረሻል!»

«እኔ?»

«አዎ አንቺ! ማታ አውጥተሽው ነበር። አዝነሽልኝ ነው፤ ግን በገዛ እጅሽ እግሬን ልታስቆርጪኝ ነው!»

ሴትዮዋ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ። አፍልታ፣ ቀድታ፣ ቀድማው ተነሥታ፣ የተቀበለችው ምስጋና ይኼ ነው። ቡና ማፍያውን አንሥታ ገልብጣ አጠበችና ፊቱ ደቀነችለት። «እንካ። ራስህ አፍላ።» ራሱ ፈጨ፣ ራሱ አፈላ፣ ራሱ ቀዳ። ፉት አለ። ጣፋጭ ነበር! ከምሬቱ ሥር ለስለስ ያለ፣ የማይጮህ፣ ቆይቶ ቆይቶ የሚመጣ ጣፋጭነት። በሥራ ላይ ስለዚህ ጣፋጭነት ቁጥር ሲጽፍ ነው የኖረው፤ ተቀምጦ ሲውጠው ግን አንድም ቀን አግኝቶት አያውቅም። ያ ሁሉ ስኳር ሸፍኖት ኖሯል። ደነገጠ፤ ከዚያ ደስ አለው፤ ከዚያ ሚስቱን አየና አፈረ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ቀምሰህ ቡና ጣፋጭ መሆኑን ዛሬ ገና ሰማህ?» አለችና በመዳፏ እንባዋን ጠረገች። ቀሪውን ቡና አብረው ጠጡት።

ደስታው አውቶቡስ ላይ እስኪወጣ ድረስ ነበር። መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠ አንድ ሐሳብ መጣበት። የእኔ ምላስ ደህና ከሆነ፣ የተበላሸው የማን ነው? ኧረ ተው! እትዬ ናቸው እኮ! ሆኖም ሐሳቡ አለቀቀውም። ያን ሰማንያ ስድስት የሰጠውን ቡና ሲቀምስ ራሱን እየፈለጠው ፊቱ ጭምድድ ብሎ ነበር። ሻጋታው የመጣ ቀን ደግሞ ሰውነቱ ቀንሶ ሱሪው ከወገቡ ሸርተት ሲልበት፣ ማንኪያውን እንደያዘ ሳቁ አመለጠው። እሱ ፊቱን ያጨማደደበትን ቡና እትዬ ጣሉት፤ የሳቀበትን አነሡት።

ሐሙስ ዕለት፣ ሲያስበው እስከ ዛሬ የሚቆጨውን ነገር አደረገ። አምስተኛው ስኒ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ግሩም ቡና ነበር። ፉት አለና አውቆ አፍንጫውን ሸበሸበ፤ ቶሎ ተፋው፤ ተመልሶ አልቀመሰውም። ከጠረጴዛው ማዶ የእትዬን ብዕር አየ። ሰባ አራት ብለው ጻፉ።

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። እንዲህ ያለ ቡና፣ ቡና መቅመስ ያስተማሩት ሴት አፍ ውስጥ ገብቶ ሰባ አራት! የሚያደርገው ጠፋው። ማጥመዱም አሳፈረው፤ በእናቱ ላይ ወጥመድ የዘረጋ ያህል ተሰማው።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ከቅምሻ ክፍሉ ጎን ባለችው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ አገኛቸው። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያምጥ እሳቸው ቀደሙት።

«ትናንት አምስተኛው ስኒ ላይ ፊትህን ያጨማደድከው አውቀህ ነው፣ አይደል?»

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ከጻፍኩ በኋላ ነው የገባኝ። ፊትህ መዋሸት አያውቅበትም፤ ሲዋሽ ያስታውቃል።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያ ትኩሳት የጣለኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ድኜ ተነሣሁና የመጀመሪያዋን ቡና ፉት ስል ሙቅ ውኃ ሆነብኝ። ሽታውም የለ፣ ጣዕሙም የለ። ሐኪሙ ይመለሳል አለኝ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል ይኸው።»

«እና እንዴት...»

«በአንተ ነዋ! ሲጥምህ ቅንድብህ ይነሣል። እንከን ካለበት አፍንጫህ በግራ በኩል ይሸበሸባል። ስንት ጊዜ ተመልሰህ እንደቀመስከው እቆጥራለሁ፤ የቀረውን ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ይገምተዋል። ‹ፊትህን ሰብስብ፣ ቀማሽ ፊት የለውም› እያልኩ ስቆጣህ አልሰማኸኝም። ኋላ ላይ ባለመስማትህ ፈጣሪን አመሰገንኩ።» ለመሳቅ ሞከሩና አልሆነላቸውም። «እንቁላልና ጎመን ጀምረህ ፊትህ እስኪበላሽብኝ ድረስ ደህና ነበርኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም እትዬ?»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። ፈራሁ። ከዚህ ጠረጴዛ ሌላ ምን አውቃለሁ? ቀማሽ ነበረች ተብዬ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስቆጥር ታየኝ። አንድ ዓመት ነው የቀረኝ፣ አንድ ዓመት ብቻ።»

አለቀሱ። እሱ እሳቸው ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም። ሳያስበው «ሰኞ እኔን ይዩ። ፊቴን ግልጽ አደርገዋለሁ። ማንም አያውቅም» አላቸው። እሳቸው ግን አዎም አይሆንምም አላሉም።

ቅዳሜና እሁድ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። ቢናገር እጁን ይዘው ያስተማሩትን ሴት መሸጡ ነው። ዝም ቢል ደግሞ፣ ነገ ጥርሱን ያመው ዕለት፣ ወይም ከሚስቱ ተጣልቶ የገባ ዕለት፣ የአንዱ ገበሬ የዓመት ልፋት በእሱ ፊት ምክንያት ተራው ክምር ውስጥ ይገባል። ገብቶም ይሆናል። ያ ሰማንያ ስድስት የሰጠው ቡና አሁን የት አለ? ሚስቱ ሁሉን ሰምታ፣ «እኔ አንተን አልሆንም። ብቻ የምታደርገውን አድርገህ ስትመጣ ፊቴን ማየት የምትችል ሁን» አለችው።

ሰኞ እንግዳዋ ቀማሽ መጣች። ፊቷ ግድግዳ ነው፤ ምንም አይነበብበትም። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ መስኮቱ ሥር ቆመ። አሥር ስኒዎች ተቀዱ፣ ዝምታ ሆነ።

ቀማሹ የመጀመሪያውን ፉት አለ፤ ጥሩ ነበር፤ ቅንድቡን እስከ ራሰ በራው ሰቀለው። ሁለተኛው እንከን ነበረበት፤ አፍንጫውን ሸበሸበ። ልጇን የምታጎርስ እናት እንኳ ፊቷን እንደዚያ አታደርግም። እንግዳዋ ሰውዬው ታሞ ይሆን ብላ ገላመጠችው። እሱ ግድ አልሰጠውም፤ ዓይኑ እትዬ ላይ ነበር።

እትዬ ቀና አላሉም። አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ስኒው ላይ ተክለው፣ ፉት አሉ፤ ተፉ፤ ማንኪያቸውን አለቀለቁ፤ ወደሚቀጥለው አለፉ። «ይዩኝ እንጂ እትዬ» አለ በሆዱ። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ስኒ አለፈ። አሥረኛውን ተፍተው አፋቸውን ጠረጉና ወረቀታቸውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጡት።

ወረቀቱ ላይ ቀኑና ፊርማቸው ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ይኼ ምን ማለት ነው?»

«ምንም አልቀመስኩም ማለት ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ሁለት ዓመት አልቀመስኩም። እስካለፈው ወር ድረስ የጻፍኩት ቁጥር የዚህ ልጅ ነው፤ ከፊቱ ላይ ነው የገለበጥኩት። ምግቡን ከቀየረ ወዲህ የተሳሳተው ግን የእኔ ነው። የእሱ ምላስ ምንም አልሆነም። ስድስቱን ናሙናዎችና የሐሙሱን አምስተኛ ስኒ አስመጣና እንደገና ይቀመሱ፤ ሰዎቹ ዓመት ሙሉ ለፍተውባቸዋል።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ለምን አልነገሩኝም?» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ብትሆን ትናገር ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ የቀረውን አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሊያስቀምጣቸው እንደሚያስብ አጉተመተመ፤ ከጠረጴዛው ግን እንደሚነሡ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። እሳቸውም «ይገባኛል» ብለው ሽርጣቸውን ፈቱ። ቀማሹ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይናቸው ከለከሉት።

ከሰዓት በኋላ ናሙናዎቹ ሁሉ ከእንግዳዋ ጋር እንደገና ተቀመሱ። የሁለቱ ቁጥር አልተለያየም። ያ ተራው ክምር ውስጥ ሊገባ ቀን የተቆረጠለት ቡና ሰማንያ ሰባት አገኘ። ሥራ አስኪያጁ የቀማሹን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ጎመንህን ብላ» አለው። ቀማሹ ግን አንድም ነገር ደስ አላለውም። ከዚያው ቡና አንድ ማፍያ አፍልቶ ወደ ጠባቧ ወጥ ቤት ሄደ።

እትዬ ሽርጣቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁለት ስኒ ቀዳና አንዱን እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ለራሱም ወንበር ሳበ።

«የቱ ነው?» አሉት።

«ያ ሰባ ስምንት የሰጡት። ሰማንያ ሰባት አገኘ።»

«ቁጥሩን ለአለቃህ። ለእኔ ምን ምን እንደሚል ንገረኝ።»

ቀማሹ በሕይወቱ ቁጥር እንጂ ቃል ጽፎ አያውቅም። ፉት አለ፤ አልተፋውም፣ ዋጠው። እሳቸውም እያዩት ፉት አሉ።

«መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል» አለ። «የሚቆመጥጠው አይደለም፤ ልጣጩን በጥፍር ሲቧጥጡት የሚሸተው። ከዚያ... ከዚያ ሲሞቅ ማር ማር ይላል። የተጣራው ሳይሆን ከነሰፈፉ ያለው። ሲውጡት ደግሞ ጉሮሮ ላይ...» እንባው መጣበት። ማልቀሱን እንዳያዩ ቶሎ ቶሎ ይናገር ጀመር። «ጉሮሮ ላይ አይከብድም፣ ምሬቱ ቶሎ ይሄዳል፣ ጣፋጩ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ...»

እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ» አሉት። «ገና ግማሽ ቀርቶኛል።»